ከ«ወራጅ አለ» እስከ «አልስማማም»፦ በመንገድ ላይ ለራስ መናገርን መለማመጃ

እናቴ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በምትሄድበት ዕለት ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ውሃ አትጠጣም ነበር። ጠዋትም ሻይ አትቀምስም። ለብዙ ዓመታት መኪና ስለሚያጥወለውላት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት ግን መልሷ ሌላ ሆነ፦ «ሹፌሩን አቁምልኝ ማለት ያሳፍረኛል።» 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ አራትና አምስት ሰዓት፣ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት፤ ይህ ሁሉ በደረቀ ጉሮሮ የሚታለፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ነበር።

እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። ወንበሬን ለማላውቀው ሰው ሻንጣ ለቅቄ በግማሽ ጎኔ ተቀምጬ የተጓዝኩበት፣ መልሴን ሳልጠይቅ የወረድኩበት፣ ያላዘዝኩትን ምግብ በልቼ የከፈልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ለመውጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የረዳኝን ነገር በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚሁ ከተማና ወደዚህ ከሚያመጣው መንገድ የተወሰዱ ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ለራስ መናገር የምለው ስለ ራስ ፍላጎትና መብት አፍ አውጥቶ ለሌላ ሰው መናገርን ነው። ብዙዎቻችን ለራስ መናገር ማለት መቆጣት ይመስለናል። እንዲህ እንድናስብ የሚያደርገን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ መጀመሪያ ላይ አፋችንን ይይዘዋል፤ እንታገሣለን፣ ደግመን እንታገሣለን፣ መጨረሻ ላይ ሲበዛብን እንጮኻለን። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ጩኸታችንን ነው፤ የታገሥነውን ሁለት ሰዓት ማንም አያየውም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በጩኸታችን አፍረን ይበልጥ ዝም እንላለን። ይህን ዑደት የሚሰብረው ጊዜ ነው፦ ድምፃችን ገና ለስላሳ ሳለ፣ ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ መናገር። ከታች የማነሣው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከመንገዱ በፊት፦ አፍን ማሟሸት

መጀመሪያ የምመክራችሁ ልምምድ ከቤታችሁ አጠገብ ነው የሚደረገው። ታክሲ ወይም ባጃጅ ውስጥ ስትሆኑ «ወራጅ አለ» የሚለውን ራሳችሁ በሉት። ሌላ ሰው እስኪለው አትጠብቁ፤ ለጎረቤታችሁ በሹክሹክታ ነግራችሁም አታስብሉ። ፌርማታውን አልፈው ሄደው በእግራቸው የሚመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። «ወራጅ አለ» ማንንም የማያስቀይም፣ ምክንያት የማይጠየቅበት፣ መብት መሆኑን ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። በዚህ ቃል ድምፁን ያላወጣ ሰው «ፍጥነት ቀንሱልን» ለማለት ድምፅ ከየት ያመጣል? ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሞክሩት፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ሹፌሩ በአንድ ጊዜ የሚሰማው እስኪሆን ድረስ።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ማበጀት ነው። በመንገድ ላይ የሚሠራ ንግግር አጭር ነው፤ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ሰውየውን መጥራት፣ የሆነውን መናገር፣ የምትፈልጉትን መጠየቅ። «ጋሼ፣ ድምፁ ራሴን አሞኛል፤ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ።» «ወንድሜ፣ ይህ ወንበር የእኔ ነው፤ ሻንጣውን አንሳልኝ።» «እህቴ፣ ሒሳቡ ላይ ያላዘዝኩት አለ፤ እዪልኝ።»

አጠራሩ ግማሽ ሥራ ይሠራል። በዕድሜ የገፋውን «አባቴ» ወይም «ጋሼ»፣ እናቶችን «እናቴ» ወይም «እትዬ»፣ እኩያን «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ማለት ያስፈልጋል። ረዳቱ ልጅ ቢሆንም «አንተ!» ብሎ መጥራት ነገሩን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል። እሱም ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ የሚውል ሰው ነው፤ «ወንድሜ» ወዳለው ሰው ፊቱን ያዞራል።

በቋንቋችን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ቅጥያም ትልቅ እርዳታ ናት፦ «ልኝ»። «መስኮቱን ዝጋ» ትእዛዝ ነው። «መስኮቱን ዝጋልኝ» ግን «ለእኔ ስትል» የሚል ሐሳብ በውስጡ አለው፤ ሰሚው እሺ ሲል የተሸነፈ ሳይሆን ውለታ የዋለ ሆኖ ይሰማዋል። ሌሎች ተሳፋሪዎችም ተቸግረው ከሆነ «ልን» በሉ፦ «ዝቅ አድርጉልን»። በ«ልን» ውስጥ መኪናው ሙሉ ሰው አለ።

በተቃራኒው፣ የምንጎዳበት ልማድ ይቅርታን መደራረብ ነው። «ይቅርታ፣ እንዳላስቸግርህ፣ ምናልባት የማይከብድህ ከሆነ፣ እኔ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ስላለብኝ…» ስንል ሰሚው ጥያቄው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል፤ ካገኘውም እምቢ ለማለት አራት በር ከፍተንለታል። አንድ «ይቅርታ» ይበቃል። ምክንያት ካልተጠየቃችሁ ምክንያት አትዘርዝሩ፤ የምክንያት መብዛት ክርክር ይጋብዛል።

ያዘጋጃችኋቸውን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ከመስታወት ፊት ወይም ከወዳጅ ጋር ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው። በልብ ብቻ የተጠና ነገር በተጨናነቀ መኪና ውስጥ ከጉሮሮ አይወጣም።

እምቢ ከተባላችሁስ? ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ቃል፣ ትንሽ ቀስ ብላችሁ ድገሙት። አዲስ ምክንያት አትጨምሩ፤ ድምፅም አትጨምሩ። በሦስተኛው «ካልሆነ» የሚለውን አክሉ፦ «ካልሆነ ከዚህ እወርዳለሁ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ።» የማታደርጉትን «ካልሆነ» ግን ፈጽሞ አትናገሩ።

መናኸሪያ፦ ኃይላችሁ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ነው

መናኸሪያ ስትገቡ ሻንጣችሁን ከእጃችሁ የሚቀበል ሰው ይመጣል። የት እንደምትሄዱ ሳይጠይቅ ይጎትተዋል፤ ከዚያ የሸክም ዋጋ ይጠይቃል። እዚህ ጋር ያለው ንግግር ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ነገር ግን ፈጣን መሆን አለበት። ሻንጣውን ሳትለቁ፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ «አመሰግናለሁ፣ ራሴ እይዘዋለሁ» በሉ። እርዳታውን ከፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ «ስንት ነው?» ብላችሁ ተስማሙ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደረግ የዋጋ ክርክር የሚያልቀው በእናንተ ኪሳራ ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት ታሪፉን እወቁ። ታሪፍ የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ ረዳቱ በዕለቱ ሰልፍ ርዝመት የሚወስነው አይደለም። የመናኸሪያውን ተቆጣጣሪ ወይም ትኬት ቆራጩን «ለሐዋሳ ታሪፉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ትኬትም ተቀበሉ። ብር ስትሰጡ መጠኑን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ «አምስት መቶ ብር ነው የሰጠሁህ።» ይህች ትንሽ ልማድ የስንቱን ሰው መልስ እንዳዳነች ብነግራችሁ ያስገርማችኋል፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሰምቷልና።

ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊጭኑ ሲሉም የምትናገሩት በሩ ሳይዘጋ ነው። «ወንድሜ፣ የከፈልነው ለሦስት ነው፤ በአራት አልስማማም።» ይህን የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሌሎቹም «ልክ ናት» ይላሉ። መኪናው ከወጣ በኋላ ግን ረዳቱ የሚሰማችሁ ምክንያት የለውም፤ እናንተም መውረጃ የላችሁም። በመንገድ ላይ ትርፍ ሰው ሲጨመር ያለው አቅማችሁ ከፊታችሁ የትራፊክ ፖሊስ መፈተሻ መኖሩ ነው፤ እሱንም ቢሆን ለማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ ምክር አቅርቡት፦ «ከፊት ትራፊክ አለ፤ እናንተም እንዳትቀጡ፣ እኛም እንዳንጉላላ።»

መኪና ውስጥ

ስለ መስኮት ብዙ አልልም። ንፋስ የሚፈራና ሙቀት የማይችል ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ግማሹን እንክፈተው» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ከቀረበ ጠብ አይኖርም።

መውረድ ስለመጠየቅ ግን ረዘም አድርጌ ልጽፍ፤ ምክንያቱም በዚህ የሚሠቃዩት ከሁሉ በላይ ሴቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳር ሕመም ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ ዝምታቸውም ጤናቸውን ይነካል። በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ውሃ ሳይጠጡ መጓዝና ሽንት መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚሠራው ዘዴ ጉዞው ሳይጀመር ጉዳዩን ማንሣት ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ሹፌሩ ዘንድ ሄዳችሁ እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ መውረድ ያስፈልገኛል። የት ነው የምታቆሙት?» ጥያቄው «ታቆማላችሁ ወይ?» እንዳልሆነ አስተውሉ። «የት» ተብሎ ሲጠየቅ ሹፌሩ የሚመርጠው ቦታን ነው፤ ማቆሙ ያለቀ ነገር ይሆናል። መቂ፣ ዝዋይ ወይም አርሲ ነገሌ ላይ ነዳጅ ማደያ ወይም ምግብ ቤት አለ፤ መጸዳጃ ያለበትን ቦታ ስም ጠርታችሁ ብትጠይቁ ሜዳ ላይ ከመውረድ ትድናላችሁ። በክፍያ ፈጣን መንገድ የምትሄዱ ከሆነ መኪና በፈለገበት መቆም ስለማይችል ከመግባታችሁ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

እናቴን ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ለመማር የፈጀባትን ጊዜ ያስረዘምኩትም እኔው ነበርኩ። መጀመሪያ አብረን ስንሄድ እኔ እናገርላት ነበር፤ «እናቴ መውረድ ትፈልጋለች» ስል እሷ አንገቷን ትደፋለች። ለሌላ ሰው መናገር ያንን ሰው ይበልጥ ዝም እንደሚያሰኘው ያኔ ገባኝ። በሌላ ጉዞ ላይ ዝም አልኩ። ዝዋይ ልንገባ ስንል እሷ ራሷ ድምፅዋን አውጥታ «ልጄ፣ ሹፌር፣ እዚህ አቁምልን» አለች። መኪናው ሲቆም ከእሷ ጋር ሰባት ሰዎች ወረዱ። ሰባት ሰዎች አንድ ሰው እስኪናገርላቸው ሲጠብቁ ነበር። አሁን እናቴ ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ ነው የምትነሣው።

ወደ ፍጥነት ልለፍ። ከዝዋይ ወዲህ መንገዱ ሜዳና ቀጥ ያለ ነው፤ ሹፌርን ያታልለዋል። ነገር ግን ከብቶች፣ አህዮች፣ ጋሪዎችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ያቋርጡታል። በፍጥነት ላይ ዝም የምንለው «ሹፌሩ ሥራውን ያውቃል» በሚል ነው። ሥራውን ማወቁ እውነት ነው፤ ደክሞት መሆኑም፣ ተራ እንዳያመልጠው እየሮጠ መሆኑም እውነት ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሹፌሩ ሌላ መኪና እየቀደመ ሳለ አትናገሩት፤ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቁ። መጀመሪያ ለረዳቱ ንገሩ፦ «ወንድሜ፣ ፍጥነቱ አስፈርቶኛል፤ ቀስ እንዲል ንገርልኝ።» ካልተለወጠ ወደ ጎረቤቶቻችሁ ዙሩ። ከአዲስ አበባ ስመለስ አንድ ጊዜ ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ሲበር አጠገቤ ለተቀመጡ አዛውንት «አባቴ፣ እርስዎንም አስፈርቶዎታል?» አልኳቸው። «እኔማ ከመቂ ጀምሮ ዳዊት እየደገምኩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ቀና ብለው «ልጄ፣ ቀስ በል፤ ሁላችንም የሚጠብቀን ሰው አለ» ሲሉት ስልኩን አስቀመጠው። እኔ ብናገር ይሰማኝ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ሁልጊዜ መናገር ያለባችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ የሚሰማውን ሰው መቀስቀስም ለራስ መናገር ነው።

ሲዳማዎች ዘንድ «አፊኒ» የሚባል የመመካከርና ነገርን የመፍቻ ባህል አለ። ቃሉ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ነው። ተናጋሪው ሐሳቡን ከማቅረቡ በፊት ሰሚዎቹን ይጠይቃል፤ እንደሰሙ ካረጋገጠ በኋላ ይቀጥላል። እኔ ይህን ወደ መኪናው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። «ወገኖች፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» ብዬ ዓይኖች ወደ እኔ እስኪዞሩ ሦስት ሰከንድ ዝም እላለሁ። ከዚያ የምለውን እላለሁ። ያቺ ዝምታ ከጩኸት ትበልጣለች።

ይህ ሁሉ ካልሠራ መጨረሻው መውረድ ነው፤ ግን ከተማ ላይ። «ሻሸመኔ ላይ አውርዱኝ» በሉ። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሌላ መኪና ማግኘት አይከብድም።

እጁን ለሚያሳርፍ ሰው

እስካሁን ያልኩት ስለ ጨዋ ሰዎች ነው። ሆን ብሎ የሚነካ ሰው ሲገጥም ሕጉ ይለወጣል።

የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ «ምናልባት ሳያውቅ ይሆናል» የሚል ነው። ስለዚህ እንጠብቃለን፣ እንሸሻለን፣ ቦርሳ በመሃል እናስገባለን። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ጊዜ፣ በተራ ድምፅ መናገር ነው፦ «ወንድሜ፣ እጅዎ ነክቶኛል፤ ያንሡልኝ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ዓይነት ሰው ይሆናል። ሳያውቅ የነካው ደንግጦ ያነሣል፤ አውቆ የነካውም እንደታየ ያውቃል። ማንንም አላዋረዳችሁም።

ከደገመው አክብሮቱን አውልቁት። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱ ራሱ ለመኪናው ሁሉ ይሰማል። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ድርጊቱን በስሙ ጥሩት፦ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ እጅህን ከጭኔ ላይ አንሣ!» ድርጊቱን ካልጠራችሁት ሌሎች ስለ ቦታ የተጣላችሁ ይመስላቸዋል። ልብሱን መጥራት ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ ማንን እንደሚያይ እንዲያውቅ ነው። ከዚያ ረዳቱን «ቦታ ቀይርልኝ» በሉት፤ ከእናቶች አጠገብ ተቀመጡ። ማፈር ያለበት እሱ ነው። ይህን በልቤ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ግን አምነዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ወንዶችም ብትሆኑ ድርሻ አላችሁ። ተናጋሪዋን «እሺ በቃ፣ ተዪው» አትበሏት። «እህቴ፣ ነይ ቦታ እንቀያየር» ማለት ይበቃል።

ሐዋሳ ከደረሳችሁ በኋላ

ባጃጅ ላይ ሳትቀመጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋውንና ኮንትራት መሆን አለመሆኑን። ወደ ፒያሳ፣ ወደ አቶቴ ወይም ወደ ታቦር ስትሉት ሹፌሩ ኮንትራት አድርጎ ሊወስዳችሁ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ ከሌሎች ጋር የተሳፈራችሁ መስሏችሁ ይሆናል። «በታሪፍ ነው ወይስ በኮንትራት?» የሚለው ጥያቄ የአገሩን አሠራር የምታውቁ መሆናችሁንም ይናገራል።

ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ለመብላትና አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ለማየት ስትሄዱ ልጆች ይከቧችኋል፤ አንዱ አስጎብኝ ልሁን ይላል፣ ሌላው ወፎቹን ልመግብላችሁና ፎቶ አንሡ ይላል። ልጆቹን አታመናጭቁ፤ እንጀራቸው ነው። «ስንት ነው?» ብላችሁ ተስማሙ፤ ካልፈለጋችሁ አንድ ጊዜ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ቆማችሁ ባብራራችሁ ቁጥር እንደምትስማሙ ተስፋ ይሰጣል።

ጀልባ ላይ ግን ለስላሳ እንድትሆኑ አልፈልግም። የሐዋሳ ሐይቅ ውብ ነው፤ ጥልቅም ነው፣ ጉማሬም አለበት። ጀልባው ከመሞላቱ በፊት «ላይፍ ጃኬት ስጡኝ» በሉ። «ቅርብ ነው፣ አያስፈልግም» ቢሏችሁ «ካልለበስኩ አልሳፈርም» በሉና ቁሙ። ለልጆችም ልካቸው መኖሩን እዩ፤ በትልቅ ሰው ጃኬት የተጠቀለለ ልጅ ከውስጡ ሊሾልክ ይችላል። ጀልባው ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ውረዱ። ጉማሬዎቹ ዘንድ ይበልጥ እንዲጠጋ የሚገፋፉ ጓደኞች ካሉም «እኔ አልስማማም፤ እዚህ ይበቃል» ማለት የሁሉንም ሕይወት ይጠብቃል። በጓደኞች መካከል ይህን ማለት ለማያውቁት ሰው ከመናገር ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ነው የጻፍኩት።

ሆቴል ስትገቡ ከመክፈላችሁ በፊት «ክፍሉን ልየው» በሉ። ውሃውን ክፈቱ፤ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ሞክሩ፤ ከታች የሙዚቃ ቤት ካለ ጠይቁ። ሌላ ክፍል መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንግዳ ተቀባዮቹ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው። ዋጋ ሲነገራችሁ «ታክስና ሰርቪስን ይጨምራል?» በሉ፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በብዙ ሆቴሎችም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት መጀመሪያ የሰማችሁት ዋጋ በመጨረሻ ሌላ ይሆናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር አሳዩኝ፣ ደረሰኝ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም።

በተለይ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ፣ እንዲሁም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ለተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ በዓል ስትመጡ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ቀድማችሁ ከደወላችሁ የተስማማችሁበትን ዋጋ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በበዓሉ ዋዜማ ዋጋው ጨምሯል ስትባሉ መከራከር አያስፈልጋችሁም፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ «የተስማማነው እዚህ ላይ አለ» ማለት ብቻ ነው።

ሊመልሱት የማይፈልጉት ጥያቄ

አብሮ ተጓዥ ሲያጫውት «አግብተሻል? ለምን አላገባሽም? ደሞዝህ ስንት ነው? ብሔርህ ምንድን ነው? የት ነው የምታርፉት?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ክፋት የለውም። ግን ሁሉም ጥያቄ መልስ አይገባውም። «እሱን ብንተወው ደስ ይለኛል» ብላችሁ ወዲያው እናንተ ጠይቁት፦ «እርስዎስ ሐዋሳን ያውቋታል?» ሰው ስለራሱ ማውራት ይወዳልና ነገሩ ይዞራል። ብቻችሁን የምትጓዙ ከሆነ ግን የማረፊያችሁን ስም ለማንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። «ዘመድ ይቀበለኛል» ይበቃል።

ዝም የሚባልበት ጊዜ

ሰካራም፣ መሣሪያ የያዘ፣ በጨለማ ብቻችሁን ያገኛችሁ ሰው ጋር አትከራከሩ። ስልኩን ወይም ቦርሳውን ስጡ፤ ሂዱ። ንግግሩ ከዚያ በኋላ፣ ብርሃንና ሰው ባለበት ይደርሳል። ስለዚህ ሆቴል እንደገባችሁ የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ከእንግዳ መቀበያው ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ነገሩ ካለፈ በኋላ

ቅሬታ ማቅረብ ከፈለጋችሁ የሚያስፈልገው የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር፣ የጎን ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ ሰዓቱ፣ ትኬቱ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት መኪናውን ከኋላ አንድ ፎቶ ማንሣት ይህን ሁሉ ያቀልላል። ለመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ወይም ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የሆነውን በሦስትና አራት መስመር ጻፉ። ስድብ አትጨምሩበት፤ ስድቡ እውነቱን ይሸፍነዋል።

መሳሳትም አለ። አንድ ጊዜ ረዳቱን በሰው ፊት «መልሴን አልሰጠኸኝም» አልኩት። ሰጥቻለሁ አለ። ደግሜ አጥብቄ ተናገርኩት፤ በዚህ ጽሑፍ የመከርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ሻሸመኔ ስንደርስ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ከጫማዋ ሥር የታጠፈ ብር አነሣች፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ወድቆ ነበር። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት መመለስ ነበረብኝ። «ወንድሜ፣ ተሳስቻለሁ፤ ሰጥተኸኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ምንም አልመለሰልኝም። ሐዋሳ ስንደርስ ግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣዬን ከሁሉም አስቀድሞ አወረደልኝ፤ አቧራውንም በእጁ አራገፈው።